ሞጆ ላይ የተገጣጠመች መኪና፦ የሆላንድ ካር ስምንት ዓመታት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው አስፋልት መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ዴራ ይገባል። ዴራ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የኢተያና የአሰላ ስንዴ፣ የበቆጂ ገብስ በመሃሏ አልፎ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶውና ነዳጁ በዚያው መንገድ ይወጣል። በዚህ አስፋልት ዳር ያደገ ልጅ መኪናን ሳያይ በድምፁ ይለያል፦ ኤንትሬ፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ቦዲው እዚሁ አገር ቢሠራም ሞተሩና ሻንሲው የሰው አገር ነው። ቱሪን፣ ሚንስክ፣ ጃፓን፣ ህንድ፣ ቻይና የሠሩትን ስናሳልፍ ኖረናል።

በ2005 ግን ከአዳማ ማዶ፣ በሞጆ መገጣጠሚያ ያለው አንድ ድርጅት በራሱ ስም የቤት መኪና ለገበያ ሊያቀርብ ተነሳ። ሆላንድ ካር ይባል ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመጀመሪያዋ በቀር ለመኪኖቹ የኢትዮጵያን ወንዞች ስም ሰጠ። ከእነዚህ ወንዞች ሁለቱ የአርሲ ጎረቤቶች ናቸው፤ አዋሽ በሰሜን፣ ዋቢ ሸበሌ በደቡብ። ድርጅቱ ስምንት ዓመት ቆይቶ ከሰረ። ብዙ ሰው ታሪኩን «መኪና መሥራት ለእኛ ገና ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መገጣጠሙንስ ችለውበት ነበር። ዕጣቸው የተወሰነው በጉምሩክ ታሪፍ፣ በባንክ ወረፋና በብር ምንዛሪ ላይ ነው። ይህንን ለማየት ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ሞተር ወደ አገራችን ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ሰው ማመላለስ አልነበረም። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት ሞተር መንገድ ይደመድም፣ ከባድ ዕቃ ይጎትት ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1907 እና በ1908 መካከል ደግሞ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ የየአገራቸውን መኪና እየነዱ ተራ በተራ አዲስ አበባ ደረሱ። ቤንትሌይ ቀደመ፤ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የሌጋሲዮን ዕቃ ሆኖ ቆየ። የአገሪቱን ንግድ የተሸከመው የምድር ባቡሩ ነው። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሞጆና አዳማ የባቡር ጣቢያ ያላቸው ከተሞች ሆነው ነበር። ከዘመናት በኋላ ሞጆን የፋብሪካና የደረቅ ወደብ ከተማ ያደረጋት ይህ አቀማመጧ ነው።

የጭነት መኪና በብዛት የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። በ1935 የገባው የፋሺስት ጦር በፊያትና በላንቺያ ካሚዮን ስንቁንና ጥይቱን እያጓጓዘ፣ ከኋላውም መንገድ እየሠራ ሄደ። በ1941 ሲባረር መንገዱና ካሚዮኑ ቀረ። አገሬው «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ፊያት 634 ከጦርነቱ በኋላ የንግድ መኪና ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። የዛሬው የጋራዥ ቋንቋችን፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑ፣ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። የሙያው ትምህርት ቤት ያረጀው ካሚዮን ነበር፤ መለዋወጫ የጠፋበት መካኒክ ሁለት የሞቱ መኪኖችን ፈትቶ አንድ ሕያው መኪና ያወጣ ነበር። በኋላም ፔጆ 404 ፒክአፕ ላይ ጣሪያ አልብሶ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ገጥሞ «ውይይት» የተባለውን ታክሲ የሠራው ይኸው ሙያ ነው። ሰው የለንም ለሚል መልሱ እዚህ አለ።

ወደ ሞጆ የሚያደርሰው ሁለተኛው መንገድ በቱርክ በኩል ይመጣል። በ1961 የቱርክ መንግሥት የኤስኪሼሂር ምድር ባቡር መሐንዲሶችን ጠርቶ አገር በቀል መኪና ሠርታችሁ ለሪፐብሊኩ በዓል አድርሱ አላቸው። የነበራቸው ጊዜ ከአምስት ወር ያነሰ ነው። አራት መኪና ሠሩ፤ ስሟንም «ዴቭሪም»፣ አብዮት፣ አሉት። ኦክቶበር 29 ቀን 1961 ፕሬዚዳንት ጀማል ጉርሰል አንካራ ላይ አንዷ ውስጥ ገቡ፤ መኪናዋ ጥቂት ሄዳ ቆመች። የጎደላት ቤንዚን ነበር። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ በመኪናዋ ላይ ተሳለቀ፤ ፕሮጀክቱም ሞተ። የዴቭሪም መሐንዲሶች ያልቻሉት ነገር አልነበረም፤ በቂ ጊዜና ከኋላቸው የሚቆም ገንዘብ ግን አልተሰጣቸውም።

ቱርኮች ከዚያ በኋላ ሌላ ስልት ያዙ። የኮች ኩባንያ በ1968 ከፊያት ጋር ሆኖ ቶፋሽ የተባለውን ድርጅት ቡርሳ ላይ አቋቋመ። በ1971 ፊያት 124ን ማምረት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ፊያት 131ን ወስደው የአዳኝ ወፎች ስም ሰጡት፤ ሻሂን፣ ዶአን፣ ካርታል። የቱርክ ታክሲና የቱርክ ቤተሰብ ለአንድ ትውልድ በእነዚህ መኪኖች ተጓጓዘ። ቶፋሽ ዛሬም አለ። ጠንካራ ቀረጥ ከውጭ ተወዳዳሪ ሲከልለው ዓመታት ወስዶ የመለዋወጫ አምራቾችን በዙሪያው አበቀለ። ይህች የ131 ዝርያ ኋላ ላይ በሞጆ ታሪክ ውስጥ ትመጣለች።

ወደ አርሲ ልመለስ። በ1967 ኢትዮጵያና ስዊድን ተፈራርመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለውን፣ አሰላ ላይ አቋቋሙ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ በማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በብድር ማሳደግ ነበር። የእርሻ መሣሪያ ክፍሉም የተሻሻለ ማረሻና በበሬ የሚጎተት ጋሪ ሲሞክር ሰነበተ። ምርቱ እውነትም ጨመረ። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ግን በበሬ አልጠበቁም፤ ትራክተር ገዙ። ትራክተርና የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር፤ ለእርሻ ሥራ የሚውለው ነዳጅም የታክስ ዕፎይታ ነበረው። በመንግሥት ይሁንታ ትራክተር ከጭሰኛው ጉልበት ረከሰ። ውጤቱን የጭላሎ ሰው በሚገባ ያውቀዋል፦ እርሻው ለትራክተር እንዲመች ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ተነቀለ። በ1975 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ቁጣው ለምን ያን ያህል የበረታ እንደነበር ከዚህ ይገባል።

ይህን የማነሳው ከመኪናው ታሪክ ለመሸሽ አይደለም። ያው ሕግ በሌላ መልኩ ሞጆ ላይ ተደገመ። መንግሥት አንድን ማሽን በነፃ ሲያስገባ የአንድ አውራጃ ኑሮ ተገለባበጠ፤ ሌላውን ማሽን በታክስ ሲያደቅቅ ደግሞ አንድ ኢንዱስትሪ ሳይወለድ ሞተ። የታሪፍ መጽሐፍ ለአንባቢ አሰልቺ ነው፤ በእኛ አገር ግን ማን እንደሚያርስና ማን እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው።

ካዱ ሥራ በጀመረ በሦስት ዓመቱ፣ በ1970፣ ፊያት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በሽርክና አምቼን አዲስ አበባ ላይ አቋቋመ። አምቼ የጭነት መኪናና አውቶቡስ መገጣጠሚያ ነው። የደርግን ዘመንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ተሻግሮ ቆየ። ለምን ቆየ? ከኋላው ትልቅ አምራች ነበረው፤ ከፊቱ ደግሞ ትልቅ ደንበኛ፣ መንግሥት። የጭነት መኪና የሚገዛው በሥራ ላይ የሚያሰማራው ሰው ነው፤ ዋጋውን በስንት ወር እንደሚመልስለት ያሰላል። በዴራ ያለፉት ኤንትሬዎች ይህን ስሌት ሲያረጋግጡ ኖረዋል፤ ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የበለጠም ነበሩ። በ1984 ደግሞ በሶቪየቶች እርዳታ የናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ትራክተር መገጣጠሚያ ሥራ ጀመረ። የአርሲ የመንግሥት እርሻዎችና የአምራች ማኅበራት ደንበኛው ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ፣ እዚህም ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ የትራክተሩ ገበያ ቀዘቀዘ።

ከ1991 በኋላ የመኪና አስመጪነት ለግል ነጋዴ ተከፈተ፤ ገበያውንም ያገለገለ ቶዮታ ወረሰው። በዱባይና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው ከተሞች የተገዛ ኮሮላ በጅቡቲ በኩል ይገባ ነበር፤ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ከመውረድ ይልቅ ይጨምር ነበር። መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መለዋወጫው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ሰው አሮጌ ቶዮታ ሲገዛ በአንድ በኩል የሚነዳው መኪና፣ በሌላ በኩል የገንዘብ ማስቀመጫ ይገዛ ነበር። የብር ዋጋ በሚወርድበት አገር ይህ ብልህነት እንጂ ሞኝነት አልነበረም። ለአዲስ አምራች ግን ከዚህ የበለጠ ከባድ ተወዳዳሪ አልነበረም።

በዚህ ላይ ታክሱ አለ። በ2002 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪናን ከቅንጦት ዕቃ ጋር መደበው፦ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ከውጭ ለሚገባ መኪና 35 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከ2007 ጀምሮም 10 በመቶ ሱር ታክስ ተደራረበ። አንዱ ታክስ በሌላው ላይ ስለሚሰላ ድምሩ ከሚታየው ይበልጣል። ወደብ ላይ 100,000 ብር የሚያወጣ አነስተኛ መኪና እነዚህ አራቱ ሲደመሩበት ከ222,000 ብር በላይ ይሆናል፤ ሞተሩ ከ1300 ሲሲ ካለፈ ደግሞ ከ273,000 ብር በላይ። ኤክሳይስ ታክሱ ከውጭ የገባንም እዚህ የተመረተንም አይለይም ነበር። ሞጆ የተገጣጠመች መኪና በሕጉ ፊት ያው ቅንጦት ነበረች።

ኢንጂነር ታደሰ ተሰማ ወደዚህ ገበያ ነው የገቡት። በኔዘርላንድስ የኖሩ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ናቸው። በ2005 ትሬንቶ ኢንጂነሪንግ የተባለ የሆላንድ ድርጅትና ኢትዮ ሆላንድ የተባለ የኢትዮጵያ ድርጅት ተጣምረው ሆላንድ ካርን ወለዱ። የሰውየው ድፍረት ሊመሰገን ይገባል። ያገለገለ መኪና ማስመጣት ቀላሉና ትርፋማው ንግድ በነበረበት ጊዜ፣ ገንዘባቸውን በብየዳ፣ በቀለምና በሠራተኛ ሥልጠና ላይ አደረጉ።

የመጀመሪያዋ መኪና ዶክ ተባለች። መሠረቷ ያቺ የቱርክ 131 ነበረች። ቶፋሽ ራሱ በ2002 ይህችን መኪና መሥራት አቁሞ ነበር። ንድፏ በ1974 ቱሪን ላይ የወጣ ነው፤ በአውሮፓ ዓይን ያረጀ። በኢትዮጵያ ዓይን ግን እንዲያ መፍረድ ያስቸግራል። አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ከፊያት 124 የተወለደ ነው፤ 131 ደግሞ የ124 ተተኪ። ሞተሩ ፊት ላይ በቁመቱ ተቀምጦ የኋላውን ጎማ የሚነዳ፣ ኮምፒውተር የማያስፈልገው፣ በቁልፍና በመዶሻ የሚጠገን መኪና ነው። ላዳ የሚጠግን መካኒክ ዶክን ከፍቶ ቢያያት ግራ አይጋባም። በጉድጓድ መንገድ ለሚሠራ ታክሲ ጥሩ ምርጫ ነበረች ብዬ አምናለሁ። የጎደላት መልክ ነው። ለአዲስ መኪና ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ደግሞ ጎረቤት የሚያየውን መልክ አብሮ ይገዛል።

መገጣጠም ሲባል ብዙ ሰው ጎማ ማሰርና ፋኖስ መግጠም ይመስለዋል። ተፈታትቶ በኮንቴይነር የሚመጣ መኪና ደረጃ አለው። አንዱ በከፊል ተገጣጥሞ ይመጣል፤ ቦዲው ተበይዶ፣ ተቀብቶ ያለቀ ነው፤ እዚህ የሚቀረው ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ወንበሩንና ጎማውን መግጠም ነው። ሌላው ቦዲው ራሱ በቆርቆሮ ቁርጥራጭ ይመጣል፤ በመያዣ ላይ ተደርድሮ በነጥብ ብየዳ ይያያዛል፤ ዝገት መከላከያ ውስጥ ይነከራል፤ ቀለም ይቀባል፤ ምድጃ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩ የሚገባው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚዘረጋው፤ ፍሬኑ የሚፈተሸው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሸጋገር ማለት ከገጣሚነት ወደ ሠሪነት መሸጋገር ነው፤ እዚህ አገር የሚቀረው ገንዘብም በዚያው ልክ ያድጋል። ይህ ሽግግር ግን በዓመት የሚሸጠው መኪና ብዙ ካልሆነ አያዋጣም። የቀለም መስመር ለመቶ መኪናም ለአሥር ሺህ መኪናም የሚጠይቀው መነሻ ገንዘብ ያን ያህል አይለያይም።

ዶክን ተከትላ አባይ መጣች። አባይ የቻይናው ሊፋን 520 ናት። ሊፋን ቾንግቺንግ ላይ በ1992 የተመሠረተ፣ በሞተር ሳይክል የታወቀ ድርጅት ነበር፤ 520 ራሷ ለቻይና ገበያ የወጣችው በ2006 ነው። ሁለት ጀማሪዎች ተገናኙ ማለት ነው፦ አንዱ መኪና መሥራት የጀመረ፣ ሌላው መገጣጠም የጀመረ። አባይ መልኳ ዘመናዊ፣ ዋጋዋም ከሌሎች አዳዲስ መኪኖች ጋር ሲነጻጸር የሚቀመስ ነበር። አዲስ መኪና በሕይወቱ ይገዛል ተብሎ የማይታሰበው ባለ ደመወዝ ሆላንድ ካርን እያየ ማስላት ጀመረ። በኋላ አዋሽ፣ ተከዜና ሸበሌ የተባሉ ሞዴሎች ተጨመሩ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ትልቅ ምኞት ነበር፤ ድርጅቱ አገሪቱን ወንዝ በወንዝ ሊያዳርስ አስቦ ነበር።

ችግሩ ከተለያየ አቅጣጫ መጣ፤ በመጀመሪያ ከውጭ ምንዛሪ። በ2008 የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ወጣ፤ የዶላር ክምችቷም ተመናመነ። ተፈታትቶ የሚመጣ ዕቃ በዶላር ይገዛል። አምራች ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ባንክ ወረፋ ይዞ ወራት ሲጠብቅ ፋብሪካው ባዶ ይቆማል፤ ሠራተኛው ግን ደመወዙን ይፈልጋል። አስመጪ ነጋዴ ዶላር ሲያጣ ሱቁን ለጥቂት ወር ዘግቶ ሌላ ሥራ ይሠራል። ፋብሪካ እንዲህ ማድረግ አይችልም። የኢትዮጵያ ባንክ አሠራር ይህን ልዩነት አላየም።

ሁለተኛው ከሸሪኩ መጣ። ሊፋን የኢትዮጵያን ገበያ በሆላንድ ካር በኩል ካየ በኋላ ራሱ ሊገባበት ወሰነ፤ ያንግፋን ሞተርስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ የራሱን መኪና በራሱ ስም መሸጥ ጀመረ። ሆላንድ ካርና ሊፋን ተጣሉ፤ ተለያዩም። ትናንት አባይ የተባለችው መኪና ዛሬ ሊፋን ተብላ፣ ከሠሪዋ ፋብሪካ በቀጥታ መጥታ፣ ለዚያው ገዢ ቀረበች። በፈቃድ የሚሠራ ድርጅት ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ንድፉ፣ ሞተሩ፣ ቅርጽ ማውጫው የሌላ ሰው ነው፤ የራሱ ስሙና ደንበኛው ብቻ ነው። ቶፋሽም በፊያት ፈቃድ ነበር የሚሠራው፤ ነገር ግን ፊያት በቶፋሽ ውስጥ የራሱ ድርሻ ስለነበረው የቡርሳ ጉዳት የቱሪንም ጉዳት ነበር። ሞጆ ይህ ዋስትና አልነበረውም። በእኔ ግምት የሆላንድ ካር መሪዎች የሠሩት ትልቁ ስህተት ሸሪካቸውን በባለቤትነት ሳያስሩ ገበያቸውን ማሳየታቸው ነው።

ሆላንድ ካር ወደ ሌላ የቻይና ድርጅት፣ ወደ ጃክ፣ ዞረ። ጃክ በ1964 ሄፌይ ላይ የተመሠረተ፣ ሥሩ የጭነት መኪና የሆነ አምራች ነው። ሸሪክ መለወጥ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ በፋብሪካ ወለል ላይ ግን አዲስ መያዣ፣ አዲስ ሥልጠና፣ አዲስ የመለዋወጫ ክምችት ማለት ነው። የቀድሞዎቹ ደንበኞች የአባይ መለዋወጫ ይፈልጋሉ፤ አዲሶቹ ሌላ። ትንሽ ድርጅት በአምስት ዓመት ውስጥ ቱርክ፣ ሊፋን፣ ጃክ እያለ ሦስት ዓይነት ንድፍ ማስተናገዱ ከአቅም በላይ ነበር።

ሦስተኛው ዱላ የመጣው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2010፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ ብርን በአንድ ቀን ዝቅ አደረገው፤ 13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ የነበረው ዶላር ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ ወጣ። ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። 5,000 ዶላር የሚያወጣ የመኪና ዕቃ ትናንት 68,000 ብር ነበር፤ ዛሬ 81,750 ብር ሆነ። ቀረጡና ታክሱ የሚሰላው በአዲሱ ብር ነው፤ ስለዚህ እሱም አብሮ ያድጋል። በቀድሞው ዋጋ ከደንበኛ ጋር የተዋዋለ ሻጭ ልዩነቱን ከራሱ ኪስ ካልከፈለ ውሉን ማክበር አይችልም፤ ከከፈለ ደግሞ መሥሪያ ካፒታሉ ያልቃል። ብር ሲወርድ ላኪ ይጠቀማል ይባላል፤ ሆላንድ ካር ግን በዶላር ገዝቶ በብር የሚሸጥ ድርጅት ነበር። በእጁ ያለ አሮጌ ኮሮላ በአንድ ሌሊት የተወደደለት ሰው በዚያው ቀን ተደሰተ።

የቀረው ብድር ነበር፤ እሱም ተዘጋ። የዋጋ ንረቱን ለማርገብ ብሔራዊ ባንክ ከ2009 ጀምሮ ባንኮች በሚያበድሩት ገንዘብ ላይ ጣሪያ አበጀ። በ2011 ጣሪያውን አንስቶ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት እያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ባንኮቹ እጃቸው ሲያጥር ቶሎ ለሚመለስ የንግድ ብድር ቅድሚያ ሰጡ። ፋብሪካ ቶሎ አይመልስም። የዓባይ ግድብ በተጀመረበት በዚያ ዓመት የመንግሥት ትኩረት በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ነበር፤ በተሽከርካሪ ኢንዱስትሪም ቢሆን ተስፋው ሁሉ በ2010 በተቋቋመው በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በሜቴክ፣ ላይ ተጥሎ ነበር። የናዝሬቱ ትራክተር ፋብሪካም፣ የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭም በሜቴክ ሥር ገቡ። በግል ሰው የተቋቋመው የሞጆ ድርጅት በዚህ መሃል አሳቢ አልነበረውም።

በ2013 ሆላንድ ካር ኪሳራ ውስጥ መግባቱ ታወጀ። ሥራው ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ ከኪሳራው በላይ ያሳዝናል። በ2020 አዲስ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ወጣ። እስከ 1300 ሲሲ በሆነ አዲስ መኪና ላይ የነበረው 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረደ፤ ባረጁ መኪኖች ላይ ደግሞ ኤክሳይሱ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ወጣ። አነስተኛ አዲስ መኪና ለሚገጣጥም ሰው ከዚህ የተሻለ ሕግ አይገኝም። ሕጉ የደረሰው ግን ሞጆ ከተዘጋ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በ2005 ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር።

መንገዱን ግን ሌሎች ተከተሉት። ሊፋን በዱከም የኢንዱስትሪ ዞን መገጣጠሚያ ከፈተ፤ ቾንግቺንግ ያለው ወላጁ ድርጅት ግን በ2020 ራሱ ዕዳ መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት መልሶ ማደራጃ ገባ። በ2019 በላያብ ሞተርስ አዳማ ላይ ኪያ መገጣጠም ጀመረ፤ ከዴራ ለሥራ ወደ አዳማ የሚወርድ ወጣት ፋብሪካውን ያውቀዋል። የአሰላው ልጅ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ያቋቋመው ማራቶን ሞተርም ሃዩንዳይን መገጣጠም ያዘ፤ በ2020 የመጀመሪያዋን በኢትዮጵያ የተገጣጠመች የኤሌክትሪክ መኪና አሳየ። ሜቴክ በ2018 የአመራሮቹን መታሰር ተከትሎ ተበትኖ በሌላ ስም ተደራጀ። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ አገደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100 ብርን አለፈ። የ2010ሩ ዱላ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገጣጥሙት ድርጅቶች ዕቃቸውን የሚገዙት በዶላር፣ የሚሸጡት በብር ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለአንባቢ። ለመንግሥት፦ ተፈታትቶ የሚመጣን ዕቃ ለሚያስገባ ፋብሪካ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ከነጋዴ ወረፋ ይለይ፤ ታክሱም ቢያንስ ለአሥር ዓመት እንደማይለወጥ በአዋጅ ይታወቅ። ቱርክ ቶፋሽን ያሳደገችው በዚህ ዓይነት ጽናት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ በሚወጣ መመሪያ ፋብሪካ አይቆምም።

ለአንባቢ ደግሞ፦ በሞጆ መገጣጠሚያ የበየዳችሁ፣ የቀባችሁ፣ የሸጣችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ሊብሬያቸው ላይ ሆላንድ ተብሎ የተጻፈ ዶክና አባይም በየከተማው አሉ። ፎቶግራፋችሁን፣ የሥራ ወረቀታችሁን፣ የሥልጠና ደብተራችሁን አትጣሉ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሞጆ ቅርብ ነው፤ የተሽከርካሪ ምህንድስና ተማሪዎቹ ለመመረቂያ የሚጽፉት ርዕስ ሲፈልጉ ይህን ያንሱ። አንዲት ዶክ ተገዝታ በግቢው ትቁም፤ ሠርተዋት የነበሩት ሰዎችም በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።